ሰባት ቁጥር እርሾ

መሠረት ከአሥራ ሁለቱ ብልቃጦች ፊት ስትቆም አፍንጫዋ አንድም ነገር አልነገራትም። ይህን ከራሷ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ነገሩ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። አንድ ክረምት ትኩሳትና ሳል ይዟት አሥር ቀን ተኛች። ስትነሣ ጉልበቷ ተመለሰ፣ ሳሉም ተዋት፤ ሽታ ግን እንደ ሄደ ቀረ። በርበሬ ሲታመስ ዓይኗ ያለቅሳል እንጂ አይሸታትም። መጀመሪያ "ነገ ይመለሳል" አለች፤ ቀጥላ "ከፋሲካ በኋላ" አለች፤ በመጨረሻ ማሰቡንም ተወችው።

ለሰው ያልተናገረችው በሥራዋ ምክንያት ነው። ደብረ ታቦር፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የቤተ ሙከራ ባለሙያ ናት። አለቃዋ ዶክተር በላይነህ የጠላ እርሾ ያጠናሉ። ከሕመሙ በፊት፣ ገና ስትቀጠር፣ "ሽታ የሚለካው ማሽን ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ወረፋው መንፈቅ ይፈጃል" ብለዋት ነበር። "እኔ ደግሞ ሳይነስ አለብኝ። ስለዚህ ማሽናችን ያንቺ አፍንጫ ነው።" ያኔ እውነትም ማሽን የሚያስንቅ አፍንጫ ነበራት።

"እሺ፣ የትኛው ነው?" አሉ ዶክተሩ በዚያ ቀን፣ ብዕራቸውን ከፍተው።

መሠረት አንድ በአንድ ጎንበስ እያለች አየር ሳበች። ፊቷን እንደ ድሮው ኮስተር አደረገች። ሁሉም ባዶ ነበር። አየር ብቻ። ከዚያ በዓይኗ መረጠች፤ ሰባተኛው ብልቃጥ ውስጥ ያለው እርሾ ከሁሉም ወፍሮና ነጥቶ ነበር።

"ሰባት ቁጥር።"

"ምን ይላል?"

"ሙዝ ሙዝ።"

ዶክተር በላይነህ መዝገባቸው ላይ አሰመሩበት። ዓመት ሙሉ ሲፈልጉት የኖሩት ይህንኑ ነበርና ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። "እንግዲህ በእውነተኛ ጠላ እንሞክረው" አሉ። "ሰው ታውቂያለሽ?"

ታውቃለች። የተከራየችው እትዬ ውብአለም ግቢ ውስጥ ነው፤ እትዬ ውብአለም ደግሞ በሠፈሩ ጠላቸው የተመሰከረላቸው ሴት ናቸው። አሥራ ሁለቱ እርሾዎች ራሳቸው ከእሳቸው ጥንስስ የተወለዱ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት መሠረት አንድ ማንኪያ ለምና ወስዳ ነበር።

"የኔው ጥንስስ ከሆነ ምኑን ቀየራችሁት?" አሉ እትዬ ውብአለም ነገሩን ስታዋያቸው። በረንዳቸው ላይ ጌሾ እየቀነጠሱ ነበር።

"እኛ አልቀየርነውም። እርሾ ሲራባ በውስጡ ያለው መመሪያ ይገለበጣል፤ እንደ መጽሐፍ ማለት ነው። አንዳንዴ አንዲት ፊደል ትሳታለች።"

"እሱንስ አውቀዋለሁ። ሟቹ ባለቤቴ ብራና ጸሐፊ አልነበር? አንዲት ፊደል ስቶ ሦስት ቀን እህል አልቀምስ ያለበትን ጊዜ አስታውሳለሁ።"

"እንግዲያማ ይገባዎታል። እርሾ ገላውን የሚገነባባቸው ጡቦች አሉ፤ አሚኖ አሲድ ይባላሉ። አንዱ ሉሲን ነው። የጎደለውን ራሱ ይሠራል፤ ሲሞላለት 'በቃኝ' ብሎ ያቆማል። እኛ የፈለግነው ያቺ 'በቃኝ' የምትለዋ ፊደል የተሳተችበትን ነው። እሱ ማቆም አያውቅም፤ ሉሲን ያተርፋል። ከዚያ ትርፍ ላይ ጠላው ሲፈላ የሙዝ ሽታ ይወጣል።"

"ከሺህ እርሾ መሀል ይህን የሳተውን በምን ለያችሁት?"

"ሉሲን የሚመስል አስመሳይ መርዝ አበላናቸው። ደህናው እርሾ አስመሳዩን ሲያይ የሞላለት ይመስለዋል፤ የራሱን መሥራት ትቶ መርዙን ይበላና ይሞታል። በመጨረሻ አሥራ ሁለት ተረፉ። ሰባት ቁጥር ከነሱ አንዱ ነው።"

እትዬ ውብአለም ጌሾውን ወደ ሰፌዱ ጣል እያደረጉ አሰቡ። "በጥር ሃያ አንድ የማርያም ማኅበር ተራዬ ነው" አሉ። "ጠላውን ባንቺው እርሾ እጥላለሁ። አሽትተሽ ካልሽኝማ አምንሻለሁ።"

መሠረት ያን ጊዜ ልትናገር ትችል ነበር። አፏ ድረስ መጥቶላት ነበር። ግን "እሺ እትዬ" ብላ ተነሣች።

ጋኑ በወይራ ታጠነ። ሌላ እርሾ እንዳይገባበት የብቅሉን ውሃ አፍልተው አቀዘቀዙት፤ መሠረት ሰባት ቁጥርን አፈሰሰችበት። እትዬ ውብአለም የተመረጠ የጉና ገብስ አሻሮ ጨመሩ። የጥር ብርድ ነበርና ጋኑን በጋቢ ሸፈኑት። በሦስተኛው ቀን አረፋ አልታየም። በስድስተኛው ቀን ትንሽ ታየ፤ ወዲያው ጠፋ። "ብርዱ ነው" አለች መሠረት። እሷም ከልቧ እንዲያ መስሏት ነበር።

ማኅበሩ ሦስት ቀን ሲቀረው እትዬ ውብአለም ወደ ጓዳ ጠሯት። የጋኑ ክዳን ተነሥቷል።

"ነይ እስኪ ልጄ፣ አሽትቺልኝ።"

መሠረት ጎንበስ ብላ በረጅሙ ሳበች። "ሙዝ ሙዝ ይላል፣ እትዬ።"

እትዬ ውብአለም ትኩር ብለው አዩዋት። "እንዲያ ነው?" አሉ ቀስ ብለው። ክዳኑን በሁለት እጃቸው መለሱና ከጓዳው ወጡ።

በማኅበሩ ቀን ቤቱ ሞላ። የነፍስ አባታቸው ቄስ ገብረኪዳን ጸሎቱን አድርሰው ጽዋውን ባረኩ። መሠረት ዳቦ እያዞረች ሳለ፣ ከማኅበርተኞቹ ትልቋ፣ ወይዘሮ ዝናሽ፣ አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉና ብርጭቆውን በዓይናቸው ትይዩ አነሱት።

"ውብአለም፣ ይሄ ያንቺ እጅ አይደለም።"

ሌሎቹም ብርጭቆአቸውን አሸተቱ።

"አይደለም" አሉ እትዬ ውብአለም። "የኔ ሆመጠጠብኝ። ከጎረቤት ነው ያመጣሁት፤ ጠጡ።"

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ያልሆነው!"

"ዘንድሮ ሆነ። አጠማመቁን ሳትኩት።"

ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። ነገር ግን መሠረት በሩ ሥር ከተቀመጡት ሁለት ሴቶች አንዷ ለሌላዋ ስታንሾካሹክ ሰማች፦ "እጇም እንግዲህ አረጀ።" እትዬ ውብአለምም ሳይሰሙት አልቀሩም፤ የሚቀዱበትን ጣሳ ይዘው ወደ ሌላው ማዕዘን ዞሩ።

መሠረት ዳቦውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ሄደች። የጋኑን ክዳን አነሣች። ላዩ ላይ እንደ ወተት ግልፋፊ ያለ ነጭ ነገር ጋርዶታል፤ ለማየት አፍንጫ አያስፈልገውም፤ ከሦስት ቀን በፊት ጎንበስ ስትል ግን ለማየት አልሞከረችም ነበር። በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰች። ምላሷ አሁንም ኮምጣጣን ከጣፋጭ ይለያል። ጥርሷን አደነዘዛት።

እንግዶቹ ሲሄዱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እትዬ ውብአለም ብርጭቆ እያጠቡ ነበር። መሠረት አጠገባቸው በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

"እትዬ፣ እኔ አይሸተኝም። ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ጋኑ ላይ ጎንበስ ያልሽ ዕለት። ሆምጣጤው ከደጅ ይጣራል፤ አንቺ ሙዝ አልሽኝ። ከዚያ ሁሉም ነገር ገባኝ። ሽሮሽ ሲያር አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ስታነቢ፣ እኔ በመስኮት ስጮህብሽ... ትምህርቱ ሐሳቧን ወሰደው እል ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ? ሰው ፊት ለምን በራስዎ አሳበቡ?"

"አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?"

መሠረት አንድ ብርጭቆ አንሥታ መወልወል ጀመረች። እንባዋ መጣ። እትዬ ውብአለም እጃቸውን በቀሚሳቸው አድርቀው ጉልበቷ ላይ አሳረፉ።

"ነገ ለዶክተሩ ትነግሪያለሽ።"

"ያባርሩኛል።"

"ያባርሩሽ። እኔ ከዚህ ቤት አላባርርሽም።"

ዶክተር በላይነህ ሲሰሙ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻላት ነበር። መዝገቡን ከመደርደሪያ አውርደው "ከየትኛው ገጽ ጀምሮ?" አሉ። አሳየቻቸው። ሽታ ተብሎ የተጻፈውን ዓምድ ገጽ በገጽ፣ ከላይ እስከ ታች በቀይ ሰረዙት። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

"አፍንጫሽን አልወቅስም፤ ሕመም ነው" አሉ። "ይሄንን ግን አምኜ ለዓለም ልጽፍ ነበር። ይገባሻል?"

"ይገባኛል።"

"ከሥራሽ አላነሣሽም። ግን ትንሽ ጊዜ ተዪኝ።"

ሁለት ሳምንት ከሥራ ቃል በቀር አላነጋገሯትም። መሠረት በየማለዳው ከሁሉ ቀድማ ገብታ ሳህኖቹን ታጥባለች፣ እርሾዎቹን ትመግባለች፣ ዕድገታቸውን በዓይኗ እየለካች ትጽፋለች። ለሥራ ጓደኞቿም፣ ለባጃጅ ደንበኛዋም ሳይቀር፣ "አይሸተኝም" ማለት ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጊዜያት ከበዷት፤ ከዚያ ቀለላት። ሆስፒታል ሄዳም ተመረመረች። ሐኪሙ "ሊመለስም ላይመለስም ይችላል" አላት፤ እሷም ቢያንስ ጠየቅኩ ብላ ወጣች።

አንድ ጠዋት ዶክተር በላይነህ በሩን ከፍተው ገቡና ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ "ሆመጠጠ አልሽ?" አሉ።

"ምኑ?"

"ሰባት ቁጥር! እዚህ ብልቃጥ ውስጥ ከሁሉም በልጦ ያድጋል። ገብስ ውስጥ ሲገባ ለምን ሰነፈ? ሌሊቱን እንቅልፍ ነሣኝ።"

ጠመኔ አንሥተው ሰሌዳው ላይ አንድ ክብ፣ ክቡ ላይ ደግሞ በር ሠሩ። ንዴታቸው ፊታቸው ላይ የለም፤ ጥያቄው አሸንፎታል። "ከአስመሳዩ መርዝ ማምለጫው መንገድ አንድ ብቻ መስሎን ነበር" አሉ። "'በቃኝ' ማለትን የረሳው የራሱን ሉሲን እየሠራ ያመልጣል። ሌላው ግን..."

"በሩን ይዘጋል" አለች መሠረት፤ ሳታስበው ነው ያመለጣት።

"በሩን ይዘጋል! ሉሲን የሚገባበት በር ተበላሽቶበታል። መርዙ አልገባም፣ ተረፈ። እኛ እዚህ የምንመግባቸው ናይትሮጅን ያለው ጨው በሌላ በር ስለሚገባ አይቸገርም፤ ይወፍራል። ገብስ ውስጥ ግን ምግቡ ራሱ አሚኖ አሲድ ነው። ያን ማስገባት ያቃተው እርሾ ይራባል፤ እሱ ሲያዘግም ሆምጣጤ የሚያመጣው ተዋሲ ይቀድመዋል።"

መሠረት ጠመኔውን ተቀብላ ከክቡ አጠገብ በሩ ክፍት የሆነ ሌላ ክብ ሠራች። "ስለዚህ ከቀሩት አሥራ አንዱ መካከል በሩ ክፍት የሆነው፣ እውነተኛው፣ ሊኖር ይችላል" አለች።

"ይችላል። አፍንጫ ግን የለንም።"

"አንድ አፍንጫ አውቃለሁ።"

እትዬ ውብአለም በየካቲት መጨረሻ፣ ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ፣ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ሙከራው ደጃፍ ላይ ከባጃጅ ወረዱ። መሠረት እንደለመነቻቸው ፀጉራቸውን ቅባት አላስነኩትም። ነጭ ጋዋን ሲሰጣቸው "ይሄን ከነጠላዬ በላይ ነው በታች?" ብለው ተማሪዎቹን አሣቁ። ሁለት ተማሪዎችም አብረዋቸው እንዲያሸቱ ተመርጠዋል። ብልቃጦቹ ቁጥራቸው ተሸፍኖ ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብለዋል፤ ቅደም ተከተላቸውም በየዙሩ ይቀያየራል። መሠረት በዓይኗ ምልክት እንዳትሰጥ ውጭ እንድትጠብቅ ራሷ ጠየቀች። በሩ ግን ገርበብ ብሎ ስለነበር ድምፃቸው ይሰማታል።

"ይሄ ዳቦ ነው... ይሄም ዳቦ ነው። ይሄ የጌሾ ቅጠል ይመስላል። ይሄኛውስ?" ደግመው አየር ሳቡ። "ይሄ ምንም የለውም። ሰው የሌለበት ቤት ነው።"

ጥቂት ቆይተው ሣቁ። "ይሄ ሙዝ አለው፤ ግን ልጆቹ ጥፍራቸውን የሚቀቡት ነገር ተቀላቅሎበታል።" ቀጥሎ የሌላ ብልቃጥ ክዳን ሲከፈት ተሰማ። መሠረት ጆሮዋን ወደ በሩ አስጠጋች።

"ወይ ማርያም" አሉ እትዬ ውብአለም። "ልጣጩ ጠቆር ያለ፣ የበሰለ ሙዝ። ገበያ ላይ ሊያልቅ ሲል በርካሽ የሚሰጡት፣ ማር የሆነው።"

ሦስት ዙር ተደረገ። በሦስቱም ዙር ባዶው ቤት ሰባት ቁጥር ሆኖ ተገኘ። ጥፍር ቀለም ያለው አራት ቁጥር፣ የበሰለው ሙዝ ደግሞ አሥራ አንድ ቁጥር ነበር። ተማሪዎቹ አራት ላይ ተምታቱ፤ አሥራ አንድ ላይ ግን ሁለቱም ከእትዬ ውብአለም ጋር ተስማሙ። ዶክተር በላይነህ ወረቀቱን ይዘው ወጡና መሠረትን አስነበቧት። ቀና ስትል ፈገግ ብለዋል።

ከፋሲካ በኋላ እትዬ ውብአለም በሁለት ትንንሽ እንስራ ጠመቁ፤ አንዱን በራሳቸው ጥንስስ፣ አንዱን በአሥራ አንድ ቁጥር። አሥራ አንድ በሁለተኛው ቀን ክዳኑን እስኪገፋ ፈላ። ለማኅበሩ ሳይሆን ለቅምሻ ብቻ ጥቂት ሰው ጠሩ።

"ምን ጨመርሽበት?" አሉ ወይዘሮ ዝናሽ።

"ገብስ፣ ብቅል፣ ጌሾ።"

"ማርያምን በይ!"

"ማርያምን።"

ወይዘሮ ዝናሽ ብርጭቆውን ዘረጉ፤ ደግመው አስቀዱ። ቄስ ገብረኪዳን ግን ቀመስ አድርገው "መልካም ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ብቻ እኔ የለመድኩትን ጠላ ስጡኝ" አሉ፤ ቤቱ በሣቅ ሞላ። እትዬ ውብአለምም ሲጠየቁ አልሸነገሉም። "ለሰርግ አንደኛ ነው" አሉ። "ለዘወትር ግን የራሴን አልለውጥበትም።" ዶክተር በላይነህ ይህንኑ ቃል በቃል መዝገቡ ላይ ጻፉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንገድ ያገኟቸው ሴቶች ሁሉ እትዬ ውብአለምን ስለ እጃቸው ሳይሆን ስለ እርሾው ይጠይቋቸው ጀመር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከማሽተቱ በኋላ ወደ አዲስ አበባ የላኩት ናሙና ውጤት መጣ። ማሽኑም የሙዙን ሽታ ከአሥራ አንድ ላይ አገኘው። መመሪያውም እዚያው ሲነበብ፣ ከሉሲን መሥሪያው ክፍል የተሳተችው አንዲት ፊደል ብቻ ናት። ሰባት ቁጥርም ተመርምሮ ነበር፤ በሩን የሚሠራው መመሪያ መሀል ላይ ተቋርጧል። ዶክተሩ ሁለቱንም በአንድ ጽሑፍ ሊያወጧቸው ወሰኑ። "አሥራ አንድ ብቻውን ቢሆን ግማሽ ታሪክ ነበር" አሏት። ለመሠረትም አዲስ ሥራ ሰጧት፤ በየወረዳው ካሉ ጠማቂዎች ጥንስስ እየሰበሰበች የእርሾ ማኅደር እንድታቋቁም። "አሽታች ማስከተል ትችያለሽ" አሉ።

ጥቅምት ላይ መሠረትና እትዬ ውብአለም በማለዳ ሚኒባስ ወደ ክምር ድንጋይ ከተማ ወጡ። የጉና ብርድ ፊት ይጋረፋል፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ገብስ ዛላው መቅላት ጀምሯል። ከከተማው ወርደው አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄዱና ብርቱካን የምትባል ገበሬ ቤት ደረሱ። ብርቱካን ሦስት ልጆች ያላት፣ ሣቅ የማይለያት ሴት ናት። የመጡበትን ሲነግሯት ጥንስሷን ሳትሳሳ በቅል ቀድታ አቀረበች።

እትዬ ውብአለም አሸተቱ። "ደህና ዳቦ ነው። ንጹሕ ነው። ያዢው" አሉ፤ መሠረት በትንሿ ብልቃጥ ቀድታ የብርቱካንን ስም፣ ቀኑንና ቀበሌውን ጻፈችበት።

"የኔማ ምን አለው" አለች ብርቱካን። "ሽታ ከፈለጋችሁ የአክስቴን ማየት ነበር። ከዚያ ከሸንተረሩ ማዶ ናቸው። የሳቸው ጠላ ሲከፈት ቀጋ ያበበበት አጥር ሥር የቆምሽ ይመስልሻል። እናታቸውም እንዲያ ነበሩ ይባላል።"

መሠረት ብዕሯን ከወረቀቱ ላይ አነሣች። የቀጋ፣ የዚያ የዱር ጽጌረዳ፣ ሽታ ከሉሲን አይመጣም። ከሌላ ጡብ ነው፤ ፌኒልአላኒን ከሚባለው። ያንንም 'በቃኝ' ማለት የረሳ እርሾ እዚህ ሸንተረር ላይ፣ ማንም መርዝ ሳያበላው፣ ከእናት ለልጅ ሲተላለፍ ኖሮ ይሆን?

"እትዬ፣ ሰምተዋል?"

"ሰማሁ እንጂ።"

"ሚኒባሱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የሚመለሰው። እንደርሳለን?"

እትዬ ውብአለም ሸንተረሩን በዓይናቸው ለኩና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። "ባንደርስ እዚያው እናድራለን" አሉ። "ብርቱካን፣ መንገዱን አሳዪን።"

ብርቱካን ቅሏን አስቀምጣ ቀድማቸው ወጣች፤ ሦስቱም በገብሱ መካከል ባለችው ቀጭን መንገድ ተከታትለው ሽቅብ ወጡ።